ስለ ሎንዶን የነጋዴዎች አዳራሽ

ቤት የሚሠራው በባለቤቱ ሐሳብ ነው፤ የሚኖረው ግን ዘመን በሰጠው ሥራ ነው። ለዚህ ነገር በሎንዶን ከተማ እንብርት የቆመው፥ ሮያል ኤክስቼንጅ የሚባለው የነጋዴዎች አዳራሽ ምስክር ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የሎንዶን ነጋዴዎች በሎምባርድ መንገድ በፀሐይና በዝናም ቆመው ይዋዋሉ ነበር። ቶማስ ግሬሻም የሚባለው ባለጸጋ ይህን አይቶ፥ የአንትወርፕን አዳራሽ አብነት አድርጎ፥ ከተማው በሰጠው መሬት ላይ በገዛ ገንዘቡ ቤት አሠራ። ነጋዴዎች ከታች ባለው አደባባይ ይዋዋላሉ፤ በላይኛው ደርብ ግን ትንንሽ ሱቆች ይከራዩ ነበር፤ ኪራዩም ወጪውን ይተካለት ነበር። በ1571 ዓ.ም. ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው አዩትና “ንጉሣዊ” ተብሎ እንዲጠራ አዘዙ።

ይህ ቤት በ1666 ዓ.ም. በታላቁ የሎንዶን እሳት ነደደ። ሁለተኛው በ1669 ተከፈተ፤ እርሱም በ1838 ተቃጠለ። ዛሬ የሚታየው ሦስተኛው ነው፤ በ1844 ንግሥት ቪክቶሪያ ከፈቱት። ሎይድስ የሚባለው የመርከብ ዋስትና ማኅበር እስከ 1928 ድረስ በውስጡ ሠራ። በ1939 የነጋዴዎቹ ጉባኤ ቀረ። ከ1982 እስከ 1991 ደግሞ በመጪው ጊዜ ዋጋ የሚዋዋሉ ሰዎች ያዙት። በ2001 ታድሶ የጌጥና የልብስ መሸጫ ሆነ። በግሬሻም ዘመን በደርብ ላይ የነበረው ሱቅ፥ እነሆ ወርዶ በአደባባዩ ዙሪያ ተቀመጠ።

በቤቱ ግንባር፥ ከንግድ ምስል በታች፥ ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር መሆኗን የሚናገረው የዳዊት ቃል ተቀርጿል፤ በእኛ ቍጥር መዝሙር 23 ነው። ተዋዋዩም፥ ዋሱም፥ ባለ ሱቁም በዚያ ቃል ሥር ይገባሉ፤ ሁሉም ተከራይ መሆናቸውን ድንጋዩ ያስታውሳቸዋል።