ካሜራው ሳያይ ያየው ማን ነበር?

በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር ማብቂያ ላይ አንድ ዜና ዓለምን ዞረ። ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ «ተገኘ» ተባለ። የቦርን ፍሪ ድርጅትና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጫካ ውስጥ ያስቀመጡት ካሜራ አንበሳ ቀርጾ ነበር። ዱካም አገኙ።

ደስ የሚል ዜና ነው። ግን «ተገኘ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ለማን ነው የተገኘው? ከብቱን እየነዳ ያንን በረሃ የሚያቋርጥ የቋራ ሰው የአንበሳን ድምፅ ከተመራማሪ አይማርም። አንበሳው አልጠፋም ነበር። የጠፋው የሚያምን ጆሮ ነው።

ወዳጆቼ፣ የዚህን ካሜራ ታሪክ ከሥሩ ብናየው ይህ ነገር ሲደጋገም እናገኘዋለን።

መጀመሪያው አሜሪካ ነው። ጆርጅ ሻይራስ የተባለ ጠበቃ፣ በኋላም የምክር ቤት አባል፣ በወጣትነቱ አጋዘን አዳኝ ነበር። በሚሺጋን ሐይቆች ላይ የሚያድንበት ዘዴ የኦጂብዌ ሕዝብ ጥንታዊ ዘዴ ነው። በጀልባው ፊት እሳት ይለኮሳል፣ አጋዘኑ ብርሃኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቆማል፣ አዳኙ ያነጣጥራል። ሻይራስ ዘዴውን እንዳለ ያዘና ጠመንጃውን በካሜራ ተካው። ቆየት ብሎም በእንስሳት መተላለፊያ ላይ ገመድ ወጠረ። እንስሳው ገመዱን ሲነካ የማግኒዥየም ዱቄት ቦግ ይልና ፎቶው ይነሳል። እንስሳው ራሱን በራሱ አነሳ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶዎቹን አወጣ። ሁለት የቦርድ አባላት «መጽሔታችን የሥዕል መጽሐፍ ሆነ» ብለው በቁጣ ለቀቁ። ዛሬ ያንን መጽሔት ያለ ፎቶ ማን ያስበዋል? የሻይራስ ስም ግን ሲነሳ ብርሃኑን ያስተማሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ አይነሱም።

ወደ ህንድ እንሻገር። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ፍሬድሪክ ቻምፒየን የተባለ የደን ሹም ነበር። ሌሎች ሹማምንት ታይገር ገድለው በሬሳው ላይ እግራቸውን ጭነው ፎቶ ሲነሱ፣ እሱ የሽቦ ወጥመድ ዘርግቶ በሕይወት ያለውን ታይገር በሌሊት ያነሳ ጀመር። ፎቶዎቹን እ.ኤ.አ. በ1927 በመጽሐፍ አሳተመ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይም አንድ ነገር ገባው፤ የአንዱ ታይገር መስመር ከሌላው አይገጥምም። እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው።

ይህ ግኝት በአግባቡ ሥራ ላይ እስኪውል አሥርት ዓመታት አለፉ። የህንድ ባለሥልጣናት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ታይገር የሚቆጥሩት በዱካ ነበር። በ1990ዎቹ ኡላስ ካራንት የተባለ ህንዳዊ ሳይንቲስት በናጋራሆሌ ደን ካሜራዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መተላለፊያው ላይ ፊት ለፊት ተከለ። ታይገሩ ሲያልፍ ግራ ጎኑም ቀኝ ጎኑም ይነሳል። ዛሬ የተነሳው ነገ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚነሳ በማስላት ያልታዩት ጭምር ይገመታሉ። የቁጥር ትክክለኛነት ምን ያደርጋል የሚል ካለ ሳሪስካን ያስታውስ። በዚያ ጥብቅ ደን መዝገቡ ታይገር አለ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጣራ አንድም አልተገኘም። አዳኞች ጨርሰዋቸው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ካሜራውን አልንቅም። የዛሬው ገመድም ዱቄትም አይፈልግም። ትኩስ አካል ፊቱ ሲንቀሳቀስ ሙቀቱን ለይቶ ያነሳል፣ ለወራትም ዛፍ ላይ ታስሮ ይጠብቃል። አይዋሽም፣ አይታከትም፣ ጉቦ አይበላም። ግን የት እንደሚታሰር ማን ይነግረዋል?

መልሱ ቬትናም ውስጥ አለ። ጥንቸል የምታክል፣ ጀርባዋ ብርማ የሆነ፣ የአጋዘን ዘመድ የመሰለች እንስሳ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከሳይንስ ዓይን ተሰውራ ነበር። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት ካሜራ መስቀል አልነበረም። በናትራንግ ከተማ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎችንና የደን ጠባቂዎችን ጠየቁ። ሰዎቹ «ጀርባዋ ግራጫ የሆነችውን? እናውቃታለን» አሉ። ካሜራዎቹ ሰዎቹ በጠቆሙት ቦታ ታሰሩ። ሦስት ካሜራዎች በአምስት ወር 275 ፎቶ አነሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲሆን ዓለም «ጠፍታ ተገኘች» አለ። ጎረቤቶቿ ግን አልጠፋችባቸውም ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ካሜራው እንስሳና ሰው አይለይም። በህንድ ኮርቤት ጥብቅ ደን ዙሪያ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 270 ነዋሪዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ጥናት አለ። ለእንስሳት ተብሎ የተሰቀለ ካሜራ ለመጸዳዳት ጫካ የገባችን ሴት ቀረጸ። ምስሉ በስልክ ከሰው ሰው ተላለፈ። የመንደሩ ሰው ተቆጥቶ ካሜራ ሰባበረ።

ከዚህም የከፋው ዝም ብሎ የመጣው ነው። የዚያ አገር ሴቶች እንጨት ሲለቅሙ እየዘፈኑ፣ ጮክ ብለው እያወሩ ነበር የሚሄዱት። ድምፃቸው አውሬውን ያርቃል። ካሜራው ከመጣ በኋላ እንሰማለን፣ እንታያለን ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ፤ ካሜራ ወደሌለበት ወደማያውቁት ጥልቅ ጫካም ራቁ። ታይገርን ለመጠበቅ የተሰቀለው ዓይን ሴቶቹን ለታይገር አቀረባቸው ማለት ነው።

የእኛም ደኖች ካሜራ ይበዛባቸዋል፣ መብዛትም አለበት። አንበሳ አለ ለማለት ማስረጃ ከሌለ ደኑን ለእርሻ ከመመንጠር የሚያድነው የለም። ነገር ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ካሜራው ከመታሰሩ በፊት የአካባቢው ሰው ይጠየቅ፣ የት የት እንዳለም ይነገረው፤ በተለይ ውኃ ቀጂዋና እንጨት ለቃሚዋ። የሰው ምስል ሲገኝ ይሰረዝ እንጂ ከስልክ ስልክ አይዙር። ዜናው ሲወጣም «ተገኘ» ከማለት «የአካባቢው ሰው የነገረን ተረጋገጠ» ይባል።

የሻይራስን ገመድ የነካው አጋዘን ማን እንዳነሳው አላወቀም። የደኑ ሰው ግን ማወቅ አለበት፤ ካሜራውን ወደ አንበሳው የመራው እሱ ነውና።

ቸር እንሰንብት።