በደጃፍ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፦ ከቦቶች ታሪክ አንድ ምዕራፍ

ቦት ሰው በየጊዜው ሳያዘው የተሰጠውን ተግባር በራሱ ደጋግሞ የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። ቃሉ ‹ሮቦት› ከሚለው ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ሮቦት ደግሞ የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ተውኔት አማካይነት የተስፋፋ ሲሆን (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)፣ ሥሩ ገባር ለጌታው የሚሠራው የግዳጅ ሥራ ነው። የገባር ሥርዓትን ታሪክ ለምናስተምር ሰዎች ቃሉ እንግዳ አይሆንብንም።

ቀዳሚው ከሰው ጋር የሚነጋገረው ቦት ነው። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠርቶ በ1966 ይፋ ያደረገው ‹ኢላይዛ› የተናጋሪውን ቃል ገልብጦ መልሶ ከመጠየቅ ያለፈ ችሎታ አልነበረውም። ሆኖም ሰዎች ምሥጢራቸውን ገለጡለት፤ ይህም ሠሪውን ራሱን አስደነገጠው።

የእኔን ትኩረት ይበልጥ የሚስበው ግን ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያስሰው ወገን ነው። በ1993 ማቲው ግሬይ የድሩን ስፋት ለመለካት አንድ አሳሽ ቦት አሰማራ። አሳሾቹ ሲበዙ የዚያን ዘመን ደካማ ሰርቨሮች አጨናነቁ። በ1994 ማርታይን ኮስተር የተባለ መሐንዲስ መፍትሔ አቀረበ፦ የድረ ገጹ ባለቤት ‹ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ› በተባለ ፋይል የትኛው ቦት የት እንዳይገባ ይጽፋል፤ ቦቱም አንብቦ ይታዘዛል። ልብ በሉ፤ ፋይሉ ቁልፍ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። አጥር በሌለው ግቢ ‹መግባት ክልክል ነው› ብሎ እንደ መለጠፍ ያለ ነው። ያም ሆኖ ጨዋዎቹ ቦቶች አከበሩት፤ በመደበኛ ሰነድነት የወጣው ግን ገና በ2022 ነው።

ስለ ምን ተከበረ? ምክንያቱ ጥቅም ይመስለኛል። የፍለጋ ቦት ገጹን ይወስዳል፣ በምላሹም አንባቢ ይልካል። ለቋንቋ ሞዴሎች ጽሑፍ የሚሰበስቡት የዛሬዎቹ ቦቶች ግን ጽሑፉን ወስደው አንባቢውንም ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጋዜጦች በዚያው አሮጌ ፋይል ደጃቸውን መዝጋት ጀምረዋል።

(እንደ 2016ቱ ‹ሚራይ› የቤት ካሜራዎችን በድብቅ ማርከው ድረ ገጾችን የሚያጠቁትን ቦቶች ለኮምፒውተር ባልደረቦቼ እተዋለሁ።)

ብሩስተር ኬል በ1996 የመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭም ገጾችን የሚያከማቸው በቦት ነው። ለፍለጋ ቦቶች የተጻፈ ክልከላ ለቤተ መዛግብት ሥራ እንደማይስማማ በ2017 አስታውቋል፤ እኔም ከእርሱ ወገን ነኝ። የማማክራቸው ተማሪዎች ከተዘጉ የአማርኛ ድረ ገጾች የሚጠቅሱት ጽሑፍ በአብዛኛው የሚገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ በመካከላችሁ ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ ካላችሁ ክልከላውን በጅምላ አትጻፉ፤ የቦቱን ስም ለይታችሁ ጻፉ። ፋይሉ ይህን ከ1994 ጀምሮ ይፈቅዳል።