የቤት ዓሣ በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን፦ ስቃዩን በርኅራኄ ማሳጠርና ለልጆች እውነቱን መንገር

በጣና፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ሐይቅ አቅራቢያ ላደገ ሰው ዓሣ ከሁሉ አስቀድሞ ምግብ ነው። በውጭ አገር ተወልዶ ለሚያድግ ልጅ ግን ዓሣ ስም የወጣለት፣ ጠዋትና ማታ የሚመገብ፣ ሰው ወደ መስታወቱ ሲቀርብ እየዋኘ የሚመጣ የቤት ባልደረባ ሊሆን ይችላል። አንድ ምሽት ይህ ዓሣ በገንዳው ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ በጭንቅ ሲተነፍስ ይገኛል። ልጁ «አድኑት» እያለ ያለቅሳል። ወላጁ ደግሞ ሊድን ይችል እንደሆነ፣ ካልዳነም ምን ማድረግ እንደሚገባ አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚመርጡት አጭሩን መንገድ ነው፤ ዓሣውን በሕይወት እያለ ወደ መጸዳጃ ቤት ይለቁታል፤ ወይም ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡታል። ሁለቱም መንገዶች የእንስሳውን ስቃይ ያራዝማሉ እንጂ አያሳጥሩም። ከእነርሱ የሚሻል መንገድ አለ፤ አስቸጋሪም አይደለም።

ዓሣ ሕመም ይሰማዋልን?

ዓሣ አይጮኽም፤ ፊቱም ሕመሙን አይናገርም። ለረጅም ዘመን ሕመም አይሰማውም ተብሎ የታመነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንድ ያካሄዱት ምርምር ይህን እምነት ፈተነው። ተመራማሪዎቹ ትራውት በተባለው ዓሣ ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አረጋገጡ። ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ያሹ ነበር፤ ወደ መመገብም የተመለሱት ዘግይተው ነው። ሞርፊን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሲሰጣቸው ደግሞ ይህ ያልተለመደ ጠባይ ቀነሰ።

ክርክሩ አልተዘጋም። የዓሣ አንጎል ሕመምን በንቃት ለመገንዘብ የሚያስችል ክፍል የለውም የሚሉ ሳይንቲስቶች ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያቸውን ያወጡት ሕመም ይሰማዋል በሚል ጥንቃቄ ላይ ተመሥርተው ነው። ጥንቃቄው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚያስከፍለው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ግድየለሽነቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ዓሣው ነው።

አስቀድሞ ውኃውን ይመርምሩ

እየሞተ የሚመስል ዓሣ ሁሉ እየሞተ አይደለም። ጎልድፊሽ የሚባለው ወርቃማ ዓሣ በመልካም አያያዝ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ቲሽ የተባለው የእንግሊዝ ጎልድፊሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሞት ዕድሜው 43 ዓመት ነበር። በተገዛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሞት ዓሣ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በውኃው መበከል ነው።

ዓሣ በስንጥቡና በዓይነ ምድሩ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያወጣል። በቆየ ገንዳ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ መካከል ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የቤት እንስሳት ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር የውኃ መመርመሪያ ገዝቶ መለካት ነው። አሞኒያም ሆነ ናይትራይት ዜሮ መሆን ይገባቸዋል። ከዜሮ በላይ ከሆኑ ከገንዳው ውኃ ከ25 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ቀድቶ በማውጣት፣ ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ ንጹሕ ውኃ መተካት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው፣ ክሎሪንን የሚያከሽፍ ፈሳሽ ሳይጨመርበት ወደ ገንዳው መግባት የለበትም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ ውኃውን በባልዲ በማሳደር ብቻ አይወጣም።

በጎኑ የሚንሳፈፍ ወይም ተገልብጦ የሚዋኝ ዓሣም ወዲያው ተስፋ አይቆረጥበትም። ሚዛኑን የሚጠብቅለት የአየር ከረጢት በሆድ ድርቀት ምክንያት ታውኮ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ምግብ ማቋረጥ ብቻውን የሚያድነው ጊዜ አለ።

ተስፋ የሚቆረጠው መቼ ነው?

ውኃው ተስተካክሎ፣ ሕክምናም ተሞክሮ ለውጥ ካልታየ የሚከተሉትን ምልክቶች በአንድነት መመልከት ይገባል።

ዓሣው ለበርካታ ቀናት ምግብ አልቀመሰም። ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ሲነካም አይሸሽም። ሆዱ አብጦ ቅርፊቶቹ ወደ ውጭ ተገትረዋል፤ ይህ በአብዛኛው የውስጥ አካላቱ ሥራ ማቆማቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው። ወይም ሰውነቱ ቆስሎና ተበልቶ፣ ያለማቋረጥ አየር ፍለጋ ይቃትታል።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ መታየቱ ለውሳኔ አያበቃም። በርከት ብለው ከታዩና ከቀን ወደ ቀን ከባሱ ግን መጠበቁ ለዓሣው የሚያተርፍለት ነገር የለም። ውሳኔው ከባድ የሚሆነው መጠበቅ ከደግነት ስለሚቆጠር ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚጠበቀው ለእንስሳው ሲባል ሳይሆን ውሳኔውን ለመሸሽ ነው።

ከቶ ሊደረጉ የማይገቡ

የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር ስለ እንስሳት አሟሟት ባወጣው መመሪያ የሚከተሉትን ተቀባይነት የሌላቸው ዘዴዎች ሲል ፈርጇቸዋል።

ወደ መጸዳጃ ቤት መልቀቅ፦ ዓሣው ወዲያው አይሞትም። በቀዝቃዛና በተበከለ ፍሳሽ ውስጥ ለተጨማሪ ጊዜ ይሰቃያል።

ከውኃ አውጥቶ መተው፦ በመታፈንና በመድረቅ የሚመጣ ዘገምተኛ ሞት ነው።

ሳያደነዝዙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት፦ «እያንቀላፋ ይሞታል» የሚባለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ ሲበረታ ዓሣው ለረጅም ጊዜ ይጨነቃል።

በሕይወት ወደ ሐይቅ ወይም ወንዝ መልቀቅም ርኅራኄ አይደለም። የታመመው ዓሣ በሽታውን ለሌሎች ያስተላልፋል። ጤነኛው ደግሞ የአካባቢውን ዓሦች ሊያፈናቅል ይችላል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የበርንስቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2021 ነዋሪዎች ጎልድፊሽ ወደ ሐይቅ እንዳይጥሉ በይፋ ለመማጸን የተገደደችው፣ የተለቀቁት ዓሦች እጅግ ገዝፈውና ተራብተው በመገኘታቸው ነው።

ያለ ስቃይ እንዲሞት ማድረግ

ከሁሉ የተሻለው መንገድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ ለዓሣ የተዘጋጀ ማደንዘዣ በውኃ በጥብጦ ዓሣውን በመጀመሪያ ያደነዝዘዋል፤ መጠኑን በመጨመርም ሕይወቱ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ዓሣ አያክምም፤ በመሆኑም አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይገባል። በተለይ ዓሣው ትልቅ ከሆነ ለሐኪም መተዉ ይመረጣል።

ሐኪም በማይገኝበት ጊዜና ሕጉ በሚፈቅድበት አገር፣ ለትናንሽ ዓሦች የሚያገለግለው የቅርንፉድ ዘይት ነው። በሻይና በቅመም የምናውቀው ቅርንፉድ ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ የጥርስ ሕመምን የሚያደነዝዘውም ይኸው ነው። ዘይቱ ከሌላ ነገር ያልተደባለቀ ንጹሕ መሆን ይኖርበታል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ዓሣው ይኖርበት ከነበረው ገንዳ ውኃ በሌላ ንጹሕ ዕቃ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ቀድቶ ዓሣውን በእርጋታ ወደዚያ ማዛወር። ዕቃው ከዚያ በኋላ ለምግብ አይውልም።

ሁለተኛ፦ ዘይቱ በቀዝቃዛ ውኃ ስለማይሟሟ፣ ጥቂት ጠብታ በትንሽ ጠርሙስ ካለ ለብ ያለ ውኃ ጋር ወተት እስኪመስል ድረስ በኃይል መበጥበጥ። ይህንንም ቀስ በቀስ ወደ ዕቃው መጨመር። ዓሣው በደቂቃዎች ውስጥ ሚዛኑን ስቶ ይጋደማል፤ ሲነካም አይንቀሳቀስም።

ሦስተኛ፦ ዓሣው ሙሉ በሙሉ ከደነዘዘ በኋላ ብቻ፣ ጠቅላላ መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ ቢያንስ 0.4 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ድረስ ቀሪውን ዘይት በተመሳሳይ መንገድ በጥብጦ መጨመር።

አራተኛ፦ የስንጥቡ እንቅስቃሴ ከቆመ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እዚያው መተው። ትንፋሹ ቆሞ ሳለ ልቡ ሊመታ ስለሚችል፣ ቶሎ የወጣ ዓሣ ሊነቃ ይችላል።

ዘይቱ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ቢዋጥም ለልጆች አደገኛ ነው። ጓንት ማድረግ፣ መስኮት መክፈትና ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት ማኖር ያስፈልጋል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ሁሉ ይመለከታል፤ ስለዚህ በሰው እጅ ያለ ዓሣን ያለ አስፈላጊነት ማሰቃየት ወንጀል ነው። በጀርመን ሕግም የጀርባ አጥንት ያለውን እንስሳ መግደል የሚችለው አስፈላጊው ዕውቀትና ችሎታ ያለው ሰው ብቻ ነው። በዚያ የሚኖር ሰው የቤት ዘዴ ከመሞከሩ በፊት ሐኪም ማማከሩ ግዴታውም፣ ጥበቃውም ነው።

ከሞተ በኋላ

በማደንዘዣ ወይም በበሽታ የሞተ ዓሣ ለድመትም ሆነ ለሌላ እንስሳ አይሰጥም። ግቢ ያለው ሰው ጠለቅ አድርጎ ሊቀብረው ይችላል። በአፓርታማ የሚኖር ደግሞ በወረቀት ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ ከቤት ቆሻሻ ጋር ማስወገድ ይችላል፤ ወይም በትልቅ የአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። አንዳንድ የዓሣ ባክቴሪያዎች በቁስል በኩል ወደ ሰው ቆዳ ገብተው የማይድን የሚመስል እብጠት ያስከትላሉ። ስለዚህ እጅ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት ገንዳውን መንካት አይገባም፤ ከሥራው በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያሻል።

ለልጁ ምን ይነገረዋል?

በአማርኛ ሞትን በለሰለሰ ቃል መሸፈን የጨዋ ልማድ ነው፤ «አረፈ»፣ «ተለየን» እንላለን። ለትንሽ ልጅ ግን ይህ ልማድ ግራ የሚያጋባ ሊሆን ይችላል። «ተኛ» ከተባለ መቼ እንደሚነቃ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ራሱ መተኛትን ይፈራል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑን ለመረዳት ይቸገራሉና ግልጹ ቃል ይሻላቸዋል፦ «ዓሣህ ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ ከእንግዲህ አያመውም፤ ተመልሶም አይመጣም።»

ዓሣው በማደንዘዣ የሚሞት ከሆነም፣ ጠና ላለ ልጅ አስቀድሞ መንገርና እንዲሰናበተው ዕድል መስጠት ይገባል። በድርጊቱ ላይ መገኘት የለበትም። ልጁ በትምህርት ቤት ሳለ የሚመስል ዓሣ ገዝቶ መተካት ደግሞ፣ ማታለሉ የታወቀ ዕለት ከዓሣው ሞት የበለጠ ይጎዳል። «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?» ብሎ ከጠየቀም፣ ውኃው ተበክሎ ከነበረ እውነቱን ነግሮ፣ ኃላፊነቱ የአዋቂ እንደነበር ማስረዳት ይበጃል።

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ኅብረተሰቡ ዕውቅና ስለሚነፍገው ኀዘን ጽፈዋል። የዓሣ ሞት ከዚህ ዓይነቱ ኀዘን ይመደባል፤ ለዓሣ ለቅሶ የሚደርስ የለምና። ብቻውን ለሚኖር አዋቂም ቢሆን፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው ብቸኛ ሕያው ነገር ያ ዓሣ ሊሆን ይችላል። «ዓሣ ነው እኮ» ማለት ኀዘኑን አያጠፋውም፤ ሰውየው እንዲደብቀው ብቻ ያደርገዋል።

አዲስ ዓሣ ከመግዛት በፊት ገንዳውን ማጠብ፣ ውኃውን መመርመርና ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል። ልጁም በመለካቱ ሥራ ቢሳተፍ፣ የመጀመሪያው ዓሣ ለምን እንደሞተና ሁለተኛው እንዴት እንደሚኖር በራሱ እጅ ይማራል።