ለንግድዎ የትኛው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ይበጃል?

ከመርካቶ እስከ ቦሌ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ «ፔጅ አለን፣ ይከታተሉን» ይላል፡፡ የሱቁ መስታወት ላይ የፌስቡክ፣ የቴሌግራም፣ የቲክቶክ፣ የኢንስታግራምና የዩቲዩብ ምልክቶች በተርታ ተለጥፈዋል፡፡ ከእነዚህ አንዱን ከፍተው ሲያዩት ግን የመጨረሻው ፎቶ የተለጠፈው ካቻምና ለፋሲካ ሆኖ ያገኙታል፡፡ ከሥሩ ሦስት ሰዎች «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ጠይቀዋል፤ መልስ የሰጣቸው የለም፡፡ ባለሱቁ ገጹን የከፈተው «ነፃ ነው» ተብሎ ነው፡፡

ነፃ ግን አይደለም፡፡ ለአንድ ድረ ገጽ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሰጥ ነጋዴ በዓመት 312 ሰዓት ያወጣል፡፡ ይህ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲመነዘር 39 የሥራ ቀን ማለት ነው፡፡ አምስቱንም እይዛለሁ ያለ ሰው ወይ ለዚሁ ብቻ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ወይ አምስቱንም ያበላሻል፡፡ ስለዚህ መምረጥ የግድ ነው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ብዙ ሰው ያለው የትኛው ላይ ነው?» ብለን ስንጀምር ነው፡፡ ለነጋዴ የሚጠቅመው ጥያቄ «የኔ ገዢ ሊገዛ ሲያስብ የት ይፈልጋል?» የሚለው ነው፡፡ መልሱ ለጫማ ሻጩ፣ ለቡና ላኪውና ለሒሳብ ባለሙያው አንድ አይደለም፡፡

አገር ውስጥ ለሚሸጥ

ጫማ፣ ስልክ፣ ልብስ ወይም የቤት ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሸጥ ሰው፣ በእኔ ግምት አንድ ብቻ ምረጥ ቢባል ቴሌግራም ይቀድማል፡፡ ቴሌግራም በ2013 የተጀመረ ሲሆን፣ ለንግድ የተመቸውን ቻናል የጨመረው በ2015 ነው፡፡ ቻናል የተከታይ ገደብ የለውም፤ ግሩፕ ደግሞ እስከ 200 ሺህ አባል ይይዛል፡፡ ዋናው ጥቅሙ የለጠፉት ነገር ለተከታዮችዎ በሙሉ በተራው መድረሱ ነው፤ ማን ይየው፣ ማን አይየው ብሎ መሃል ገብቶ የሚመርጥ የለም፡፡ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ስንት ጊዜ እንደታየም ቁጥሩ ይታያል፡፡

ይህ ቁጥር ሌላም ነገር ይናገራል፡፡ በትልልቅ ቻናሎች ላይ ከፍለው ማስታወቂያ ሊያስነግሩ ሲያስቡ የተከታዩን ብዛት ትተው ልጥፎቹ ስንት ጊዜ እንደታዩ ይመልከቱ፡፡ 50 ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ልጥፎቹ 300 ጊዜ ብቻ ከታዩ፣ ተከታዩ ወይ በገንዘብ የተገዛ ነው ወይ ከተወው ቆይቷል፡፡ ገንዘብዎን በኪስዎ ይያዙ፡፡

የቴሌግራም ድክመት አዲስ ሰው በራሱ መጥቶ አያገኝዎትም፤ ቻናል የሚያድገው ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው ነው፡፡ ለዚህም ልጥፉ ራሱን የቻለ መሆን አለበት፤ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ቁጥር፣ አድራሻና ስልክ፡፡ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ አይገባኝም፡፡ ገዢው ዋጋ ለመስማት መልእክት ጽፎ መልስ ከሚጠብቅ ቀጥሎ ያለውን ቻናል ይከፍታል፡፡

ፌስቡክ በ2004 ተጀምሮ ከመስከረም 2006 ወዲህ ከ13 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ክፍት ሆኗል፡፡ በጥር 2018 ኩባንያው ከድርጅት ገጾች ይልቅ የወዳጅ ዘመድ ልጥፎችን እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ ግን 20 ሺህ ተከታይ አለኝ ማለት 20 ሺህ ሰው አየኝ ማለት መሆኑ ቀርቷል፡፡ ቢሆንም ስምዎን ሰምቶ «እነዚህ ሰዎች በእርግጥ አሉ?» ብሎ የሚፈልግ ሰው እዚያ ሊያጣራ ስለሚችል፣ አድራሻና ስልክ ያለበት አንድ ንጹሕ ገጽ ይኑርዎት፡፡ የተከፈለበት ማስታወቂያ የሚሻ ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልገዋል፡፡ ካርድ ለሌለው በብር ተቀብለው የሚያስነግሩ ደላሎች አሉ፡፡ ለእነሱ ከመክፈልዎ በፊት ማስታወቂያው በእርስዎ ገጽ ስም እንዲወጣና ለስንት ሰው እንደደረሰ የሚያሳየው ሪፖርት እንዲሰጥዎት ይስማሙ፡፡

ቲክቶክ የቴሌግራም ተቃራኒ ነው፡፡ ከቻይና ውጭ በ2017 ወጥቶ በነሐሴ 2018 ከሚዩዚካሊ ጋር የተዋሐደው ይህ መድረክ ተከታይ የሌለውን ሰው ሥራ እንኳ ለማያውቁት ሰዎች ያሳያል፡፡ ሲሠራ መታየት የሚችል ሙያ፣ ማለትም ምግብ፣ ፀጉር፣ ሶፋ ወይም ቀለም ቅብ ያለው ሰው ሊሞክረው ይገባል፡፡ ችግሩ የሚያየው ሁሉ ገዢ አለመሆኑ ነው፤ ጂዳ ያለች እህታችን ሶፋውን ብትወደውም ጀሞ መጥታ አትወስደውም፡፡ ካሜራ ፊት መቆም የሚከብደው ባለቤት ደግሞ እንዲሁ ቢተወው ይሻላል፡፡

ውጭ ላሉ ወገኖች ለሚሸጥ

የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ነጋዴን እንውሰድ፡፡ ገዢዎቿ ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፣ ለንደንና ዱባይ አሉ፡፡ ለእሷ ኢንስታግራም የሱቅ መስኮት፣ ዋትስአፕ ደግሞ የሱቅ ጠረጴዛ ነው፡፡ ጥለቱን ኢንስታግራም ላይ ያዩታል፤ የደረት፣ የወገብና የቁመት ልኩን በሴንቲ ሜትር ዋትስአፕ ላይ ይልካሉ፡፡ ከጥር 2018 ጀምሮ ያለው የዋትስአፕ የንግድ መተግበሪያ የዕቃ ዝርዝርና አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ያለክፍያ ያስቀምጣል፡፡ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ እዚያ ሰው ከሥራ ገብቶ ሲጽፍ እዚህ ሌሊት ነው፡፡ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለሠርግ ልብስ የፈለገች ገዢ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ ጠዋት ልኩን እንቀበላለን» የሚል መልስ ካገኘች እስኪነጋ ትጠብቃለች፡፡

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፡፡ ኢንስታግራምም (ከ2012 ጀምሮ) ዋትስአፕም (ከ2014 ጀምሮ) የፌስቡክ ኩባንያ ንብረት ናቸው፡፡ በጥቅምት 4 ቀን 2021 ሦስቱም አብረው ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጡ፣ ሱቅዋን ሦስት ቦታ የከፈለች የመሰላት ነጋዴ በእርግጥ አንድ ቦታ ብቻ እንደነበረች ታይቷል፡፡

ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቆዳ የሚልክ፣ እንዲሁም የሒሳብ፣ የሕግና የምህንድስና አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሊንክድኢንን አይናቀው፡፡ በ2003 ሥራ የጀመረውንና ማይክሮሶፍት በ2016 በ26.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛውን ይህን ድረ ገጽ ለዕለት ሽያጭ የሚጠቀምበት የለም፡፡ ነገር ግን ሐምቡርግ ያለ ቡና ገዢ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ኢሜይሉን የፈረመው ሥራ አስኪያጅ ማን እንደሆነ ሊያይ ይፈልጋል፡፡ በትክክል የተሞላ የራስ ገጽ፣ የድርጅቱ ገጽ፣ በወር ሁለት ሰዓት፤ ከዚህ በላይ አይጠይቅም፡፡

ኤክስ፣ ማለትም በጥቅምት 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ተሸጦ በሐምሌ 2023 ስሙን የቀየረው ትዊተር፣ ከጋዜጠኞችና ከዲፕሎማቶች ጋር ጉዳይ ከሌለዎት ይለፉት፡፡ ዩቲዩብ የሚጠቅመው የሚያስተምር ነገር ላለው ነው፡፡ ስለ ዶሮ እርባታ በአማርኛ የተሠራ ጥሩ ቪዲዮ ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል፤ የቴሌግራም ልጥፍ ግን በሳምንቱ ተረስቷል፡፡

ቤቱ የኪራይ ነው

በ2005 ኒውስ ኮርፖሬሽን በ580 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ማይስፔስ በ2011 የተሸጠው በ35 ሚሊዮን ገደማ ነው፡፡ ኦርኩት በ2014፣ ጉግል ፕላስ በ2019 ተዘጉ፡፡ እኛም አገር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት 2023 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ቆይተዋል፡፡ ቴሌግራም የተከታዮችዎን ስልክ ቁጥር አያስረክብዎትም፡፡ ስለዚህ የገዛዎትን ሰው ስምና ስልክ በፈቃዱ በራስዎ ደብተር ይያዙ፤ ድረ ገጹ ቢዘጋ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያገኙታል፡፡

የባለቤትነቱም ጉዳይ አለ፡፡ አንድ የማውቀው የቤት ዕቃ ሠሪ ቻናሉን ያስከፈተው በሠራተኛው ስልክ ቁጥር ነበር፡፡ ልጁ በደመወዝ ተጣልቶ ሲወጣ ቻናሉም አብሮት ወጣ፤ በሳምንቱ ስሙ ተቀይሮ የሌላ ሱቅ ሶፋ ይሸጥበት ጀመር፡፡ የሁለት ዓመት ድካም ነበር፡፡ ከሣ እንዳይል የተፈረመ ነገር የለም፡፡ ቻናሉ በእርስዎ ቁጥር ይከፈት፣ ሠራተኛው አስተዳዳሪ ይሁን፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ዛሬውኑ ያብሩት፡፡ በሌላ ሰው ስም ካለ ደግሞ በሰላሙ ጊዜ ያዛውሩት፤ ቴሌግራም ያለዚሁ ማረጋገጫ ባለቤትነት አያዛውርም፡፡

ክፍያን በተመለከተም፣ «ልኬያለሁ» ተብሎ የሚላክ የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ሊቀነባበር ይችላል፡፡ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ሒሳብ ላይ ይመልከቱ፡፡

የትኛው እንደሚሠራ ለመለየት ከአንድ ጥያቄ በላይ አያስፈልግም፡፡ ለመጣ ገዢ ሁሉ «የት አይተውን መጡ?» ብለው ይጠይቁና ለሦስት ወር ይመዝግቡ፡፡ ገዢ ያላመጣውን ገጽ ሲተዉት ግን ዝም ብለው አይጥፉ፤ የስልክ ቁጥርዎንና አሁን የሚገኙበትን አድራሻ ከላይ ጽፈው ይውጡ፡፡