የባሕር ወንበዴዎች ደሴትና የተቀበረ ወርቅ፦ ወሬው ከየት መጣ?

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ከወትሮው ለየት ያለ ርእስ ይዞ ቀርቧል። ምክንያቱ ተማሪዎቻችን ናቸው። በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት፣ ቀለል ተደርገው ከተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መካከል እንደ «ትሬዠር አይላንድ» ከእጅ እጅ የሚዞር የለም። አንብቦ የጨረሰ ሁሉ ታዲያ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? ወርቁ አሁንም አለ?»

ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ የታሪክ ተማሪ ዋና ጥያቄ ነው። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ከማን ሰማው? እስቲ በዚህ መንገድ አብረን እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉን የጻፈው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነው። በ1881 ብሬማር በምትባል የስኮትላንድ መንደር ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ቢላቸው፣ ከባለቤቱ ልጅ ከሎይድ ጋር ሥዕል ሲጫወት የአንድ ደሴት ካርታ ሣለ። ታሪኩ የመጣው ከካርታው ነው እንጂ ካርታው ከታሪኩ አይደለም። መጀመሪያ በልጆች ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 መጽሐፍ ሆነ። የሚገርመው፣ ያ የመጀመሪያው ካርታ ለአሳታሚው ሲላክ መንገድ ላይ ጠፋ። ደራሲው የገዛ መጽሐፉን እያገላበጠ፣ ርቀቱን እየለካ እንደገና መሣል ግድ ሆነበት።

ስቲቨንሰን ከማን ምን እንደተዋሰ አልደበቀም። በ1894 ባወጣው ጽሑፍ በቀቀኑን ከዳንኤል ዴፎ፣ አቅጣጫ ጠቋሚውን አፅም ከኤድጋር አለን ፖ፣ የመርከበኛውን ሣጥንና ሌላም ብዙ ነገር ከዋሽንግተን ኢርቪንግ እንዳገኘ ተናግሯል። ባለ አንድ እግሩን ጆን ሲልቨርን ደግሞ የቀረጸው እግሩ ከተቆረጠበት ወዳጁ ከገጣሚው ሄንሊ ነው። ብዙ ሰው ሲልቨር የእንጨት እግር ያለው ይመስለዋል። መጽሐፉን ልብ ብሎ ያነበበ ግን ሰውዬው በምርኩዝ እንደሚሄድ ያውቃል። የቀረውን ሥዕልና ፊልም ጨመሩበት። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሃዋርድ ፓይል ልብሳቸውን ሰጣቸው። በ1950 የወጣው የዲዝኒ ፊልም አነጋገራቸውን ሰጣቸው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ «የካሪቢያን ወንበዴዎች» የተባለው ተከታታይ ፊልም መጥቶ ሁሉን ቀላቀለው።

ከፊልሙ የተነሣ ወንበዴ ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ብሎ ወደ ካሪቢያን ይሮጣል። ነገር ግን በዚህ ወሬ ውስጥ ትልቅ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሀብቱን አንዱ ጥፋቱን ያገኙት እዚሁ በእኛ ደጃፍ ነው፤ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ። በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ላይ ፔሪም፣ በዓረብኛ ማዩን የምትባል ውሃ የሌላት ደረቅ ደሴት አለች። ከጂዳና ከሞካ ወደ ሕንድ የሚመለሱት የሐጅ መንገደኞችና የነጋዴዎች መርከቦች በየዓመቱ በዚያ ያልፉ ነበር። ወንበዴዎቹም ይህን አውቀው እዚያው ያደፍጡ ነበር።

በ1695 እንግሊዛዊው ሄንሪ ኤቨሪ በዚያ አድፍጦ መርከቦቹን ተከተለ። የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ታላቅ መርከብ ጋንጂ ሳዋይን ያዘ። ከሐጅ በሚመለሱት ሰዎች ላይ፣ በተለይም በሴቶቹ ላይ የደረሰው ግፍ በፊልም የሚታይ ዓይነት ጨዋታ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥቶ በሱራት የነበሩትን እንግሊዛውያን ነጋዴዎች አሰረ። ከኤቨሪ ሰዎች አምስቱ በ1696 ለንደን ላይ ተሰቀሉ። እሱ ራሱ ግን በዚያው ዓመት የገባበት ጠፋ። ሰው ሲጠፋ ወሬ ይተካዋል፣ አይደል? ኤቨሪንም በማዳጋስካር ነገሠ የሚል ወሬ ተካው።

ሁለተኛው ዊልያም ኪድ ነው። ኪድ ወንበዴ ሊሆን አልተላከም፤ እንዲያውም ወንበዴ እንዲይዝ ከእንግሊዝ ንጉሥ የፈቃድ ወረቀት ተሰጥቶት በ1696 ተነሣ። ሲያጣ ሲያጣ በነሐሴ 1697 እሱም በባብ ኤል መንደብ አደፈጠ፤ ግን የእንግሊዝ ኩባንያ መርከብ አባረረው። ባልደረቦቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ በጠብ መሐል አንዱን ተኳሽ ሙርን በባልዲ ራሱን መትቶ ገደለው። በ1698 መጀመሪያ ላይ የአርመን ነጋዴዎች ዕቃ የጫነውን ኬዳ መርቻንት የተባለ መርከብ ያዘ። መርከቡ የፈረንሳይ ማለፊያ ስለነበረው «የጠላት መርከብ ነው፣ በሕግ የያዝኩት ነው» አለ። አገር ቤት ግን ስሙ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር።

እነሆ ወደ ወርቁ ደረስን። በ1699 ኪድ ወደ ኒውዮርክ አካባቢ ተመልሶ፣ በጋርዲነር ደሴት ከዕቃው ከፊሉን በባለ መሬቱ ዕውቀት ቀበረ። ሀብቱን በእጁ ይዞ ለመደራደር አስቦ ነበር። አልሆነም። ቦስተን ላይ ታሰረ። ገዥው የተቀበረውን ወዲያው አስወጥቶ አስመዘገበው፤ ለማስረጃም ወደ ለንደን ተላከ። በፍርድ ቤት ያድኑኛል ያላቸው ሁለቱ የማለፊያ ወረቀቶች አልቀረቡለትም። ግንቦት 23 ቀን 1701 ተሰቀለ፤ መጀመሪያ ገመዱ ተበጥሶ እንደገና ሰቀሉት። ወረቀቶቹ ከ200 ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ከመንግሥት መዝገብ ቤት ተገኙ።

ልብ በሉ፦ በሰነድ የሚታወቀው ዋነኛው የወንበዴ ቅብር ሀብት ይህ ነው፤ እሱም ገና በዚያው በጋ ተቆፍሮ ወጥቷል። «ሁሉን አላወጡትም፣ የቀረ አለ» የሚለው ወሬ ግን አልሞተም። ኢርቪንግ በ1824 ወሬውን በአጭር ልቦለድ አወጣው። ፖ በ1843 «ወርቃማው ጥንዚዛ» ውስጥ የኪድን ሣጥን በምስጢር ጽሑፍ አስፈልጎ አስገኘው። ስቲቨንሰን ከሁለቱ ወሰደ፤ ፊልሞቹም ከስቲቨንሰን። ወሬ እንዲህ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዱ ካለፈው ይቀዳል፣ ማንም ወደ መዝገቡ አይመለስም።

ለመሆኑ ሌሎቹ ወንበዴዎች ለምን አልቀበሩም? አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ወርቅ አልነበረም። ጨርቅ፣ ስኳር፣ ቅመም፣ መድኃኒት ነው። ብላክቢርድ የተባለው በ1718 የቻርልስተንን ወደብ ዘግቶ ሰው ያገተው አንድ ሣጥን መድኃኒት እንዲሰጠው ነበር። ስኳር ደግሞ አይቀበርም! ሁለተኛ፣ የተገኘው ወዲያው በድርሻ ይከፋፈላል፤ ድርሻውን የያዘ መርከበኛም በመጀመሪያው ወደብ ይጨርሰዋል። ሦስተኛው የእኛ አስተያየት ነው። በአገራችን ባንክ ባልነበረበት ዘመን ሰው ጠገራ ብሩን በእንስራ አድርጎ ይቀብር ነበር። የቀበረውም በጓሮው ነው፤ ማለት እኖርበታለሁ፣ ወይም ሄጄ እመለስበታለሁ ባለው ቦታ። ከመካከላችን ከቤቱ ሲወጣ አንድ ነገር፣ ቁልፍም ይሁን ሰነድ፣ ደብቆ ያልመጣ ስንቱ ነው? ወንበዴው ግን ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ነው። ለማን፣ የት ብሎ ይቀብራል? (የስፔኑ ባለ ስምንት ሪያል ብርና የእኛ ማርትሬዛ በክብደት የሚቀራረቡ ትልልቅ የብር ገንዘቦች ናቸው። «ዶላር» የሚለው ስም ራሱ ከ«ታለር» የመጣ ነው።)

በልቦለዱ ላይ ትልቁ ቅሬታችን ግን በወርቁ አይደለም፤ በደሴቱ ነው። የልቦለዱ ደሴት የራሱ ሕዝብ የለውም። እውነተኞቹ የወንበዴ ደሴቶች ግን ብዙዎቹ ሰው ነበረባቸው። ከማዳጋስካር ምሥራቅ ያለችውን የቅድስት ማርያም ደሴት እንውሰድ። ከ1690ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አዳም ቦልድሪጅ የተባለ ሰው እዚያ ሱቅና ምሽግ አቋቁሞ ለወንበዴዎች ባሩድ፣ አልኮልና ልብስ ይሸጥ ነበር። ባሪያም ይነግድ ነበር። የአገሬው ሰዎች ዘመዶቻቸው በማታለል መርከብ ተሳፍረው ተሸጡባቸው። በ1697 የደሴቲቱ ሰዎች ተነሥተው ምሽጉን አፈረሱ፤ እዚያ ካገኟቸው ወንበዴዎችም ብዙዎቹን ገደሉ። ይህ በየትኛው ፊልም ላይ አለ?

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ኤክስክሜሊን የተባለው ሐኪም ከወንበዴዎች ጋር ኖሮ በ1678 መጽሐፍ አሳተመ። በውላቸው መሠረት ቀኝ እጁን በውጊያ ያጣ ሰው ካሣው 600 የስፔን ብር ወይም ስድስት ባሪያ ነበር ይላል። ይህን ክፍል ብዙ መምህራን «ወንበዴዎች እንኳ ዴሞክራሲ ነበራቸው፣ ለቆሰለ ያስቡ ነበር» ብለው ያስተምሩታል። አዎ፣ ካፒቴናቸውን ይመርጡ፣ ምርኮአቸውን በድርሻ ይካፈሉ ነበር። ግን «ስድስት ባሪያ» የሚለውን ቃል ዘለን ማለፍ የለብንም። የአንድ ሰው ክንድ በስድስት ሰው ሕይወት ተተምኗል። ስድስቱ ሰዎች ስም አላቸው፣ መጽሐፉ ላይ ግን የለም። በ1728 የታተመ መጽሐፍ ደግሞ ወንበዴዎች በማዳጋስካር ባሪያ ነፃ የሚወጣበት ሊበርታሊያ የሚባል ሪፐብሊክ መሠረቱ ይላል። ደስ ይላል፤ ግን የታሪክ ሰዎች ልቦለድ ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ መናገራችን ልቦለድ አታንብቡ ለማለት አይደለም። የትምህርታችንን መጨረሻ ሳናይ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰዎች ነንና ያገኘነውን ማንበብ ነው ያቆየን። ነገር ግን ወሬን አምነው ዕድሜያቸውን የጨረሱም አሉ። ጀርመናዊው ጊስለር በኮስታሪካዋ ኮኮስ ደሴት ሃያ ዓመት ያህል ቆፍሮ ያገኘው ጥቂት ሳንቲም ነው። በሲሼልስ በማሄ ደሴት አንድ እንግሊዛዊ ከ1949 ጀምሮ በ1977 እስኪሞት ድረስ በ1730 የተሰቀለውን የወንበዴውን የለቫሰርን ሀብት ሲፈልግ ኖሯል። በካናዳዋ ኦክ ደሴት ከ1795 ጀምሮ ሲቆፈር ስድስት ሰዎች ሞተዋል፤ ሣጥን ግን አልወጣም። የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ግን ወጥቶለታል፣ ከ2014 ጀምሮ።

በዘመናችን የሶማሊያ ወንበዴነት በተለይ ከ2008 እስከ 2011 ሲበረታ ዓለም እንደገና የድሮውን ተረት አነሣ። በዚያ ግን ደሴትም ካርታም አልነበረም፤ የታገተ መርከብና የማስለቀቂያ ገንዘብ ነበር፤ ወራት የታገቱ ድሆች መርከበኞችም። በ2009 በታገተው መርከብ ላይ የተሠራው «ካፒቴን ፊሊፕስ» የተባለው የ2013 ፊልም ላይ የወንበዴዎቹን መሪ ሆኖ የሠራው ባርካድ አብዲ፣ ሞቃዲሾ ተወልዶ ጦርነቱን ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር በየመን ያደገ ልጅ ነው። ያው ባሕር መሆኑን አስተውሉ። ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ወጣቶቻችንም የሚያልፉት በዚያው ነው።

የቅድስት ማርያምን ደሴት ነገር ሳንጨርስ እንዳንሄድ። በ2015 አንድ አሜሪካዊ ጠላቂ ከባሕሩ ሥር 50 ኪሎ የሚመዝን የካፒቴን ኪድ ብር አወጣሁ ብሎ በፕሬዚዳንቱ ፊት አቀረበ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የዩኔስኮ ባለሙያዎች ሄደው መረመሩት፤ 95 ከመቶው እርሳስ ሆኖ ተገኘ።

በክፍላቸው ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ያላቸው መምህራን ጋርዲነርን፣ ማሄንና የቅድስት ማርያምን ደሴት ከተማሪዎች ጋር ፈልጉ። ማዩን ግን በትንሽ ካርታ ላይ አትታይም፤ ከጂቡቲ ትይዩ፣ ከየመን ጠርዝ አጠገብ በእስክሪብቶ አንድ ነጥብ አድርጉባት።