በወረርሽኝ ዘመን ሕሙማንን ስለ ማስታመም

ወረርሽኝ በአገር ላይ በመጣ ጊዜ መንግሥታትና ሐኪሞች ሐሳባቸውን ሁሉ ነፍስን ከሞት በማዳን ላይ ማዋላቸው የተገባ ነው፤ ነገር ግን የመተንፈሻ መሣሪያውና የጽኑ ሕሙማን አልጋው ከሕሙማኑ ቍጥር እጅግ በሚያንስበት አገር፣ ፈውስ የማይደርስለት ድውይ ጻዕሩ ሳይቃለልለት ቢተው፣ ሕክምና የተሾመበትን ግማሹን ሥራ ዘነጋ ማለት ነው። ስለዚህ የማስታገሻ ሕክምና ለባለጸጋ አገር የሚጨመር ትርፍ ሳይሆን፣ ሀብት ባነሰ መጠን አስቀድሞ ሊዘረጋ የሚገባው አገልግሎት ነው።

ለዚህም ኡጋንዳ ምስክር ናት። ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን በካምፓላ ሲመሠርቱ ዋና መሣሪያቸው ሥቃይን የሚያስታግሰው፣ በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን ነበር፤ ይኸውም ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ፣ እንዳይበላሽ መጠበቂያ ተጨምሮበት፣ ኃይሉም በቀለም ተለይቶ የሚዘጋጅ ስለሆነ ዋጋው ቀላል ነው፤ ሕመምተኛውም በየ4 ሰዓቱ በቤቱ ሆኖ ይወስደዋል። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ግን የሚያዝዘው የሌለው መድኃኒት ምንም ስለማይፈይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ተፈቀደላቸው። የዚህ ሕግ ትርጉም ጎልቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት የሕዝብ ማመላለሻ በታገደ ጊዜ ነው፤ ወደ ከተማ መድረስ ለተሳነው የካንሰር ሕመምተኛ፣ በአቅራቢያው ያለች የማዘዝ ሥልጣን ያላት ነርስ ከሩቅ ሆስፒታል ትበልጥለታለችና።

ሞርፊን የሚያስታግሰው ሥቃይን ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ቀና አድርገው አስቀምጠው፣ መስኮት ከፍተው፣ በጥቂቱ ቢሰጡት የመታፈን ጭንቀቱን ያቀልለታል። ይሁን እንጂ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰየመው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ገለጸው፣ በዓለም በየዓመቱ ይከፋፈል ከነበረው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ቶን የሥቃይ ማስታገሻ ለድኾች አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነበር።

የነፍስ ጻዕር ደግሞ በመድኃኒት ብቻ አይቃለልም። በእኛ አገር በኢትዮጵያ በኮቪድ ምክንያት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሕዝባዊ ስብሰባን በከለከለ ጊዜ፣ መጠየቅንና ማስታመምን፣ ለቅሶንና እድርን ማኅበራዊ ሕይወቱ ያደረገ ሕዝብ ከባድ ፈተና ገጠመው። ሕሙማንን መለየት ግድ በሚሆንበት ጊዜም እንኳ፣ አስታማሚው ሁልጊዜ በስልክ የሕመምተኛውን ሁኔታ እንዲሰማ፣ የንስሐ አባቱ ወይም የሃይማኖቱ አባትም በሞት አፋፍ ላለው እንዲደርስለት አስቀድሞ ሥርዓት ማበጀት የሕክምናው አካል ነው።

እንግዲህ ጤና ጥበቃን የሚመሩ ሁሉ፣ ሌላ ወረርሽኝ ሳይደርስ፣ ሞርፊኑን በየጤና ጣቢያው እንዲያከማቹ፣ ነርሶችንም አሠልጥነው የማዘዝ ሥልጣን እንዲሰጧቸው አደራ እንላለን።