በራስ ቀኝ የቆመው ልጅ

አያቴ ካረፉ በኋላ ከሳጥናቸው ከወጡት ነገሮች አንዷ መዳፍ የምታህል ፎቶግራፍ ነበረች። ጀርባዋ ላይ በቀለም «ራስ ኃይሉ፣ ደብረ ማርቆስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመተ ምሕረት የለውም። መካከል ላይ ካባ የደረበ፣ ጎራዴ የታጠቀ ጎልማሳ መኮንን ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ልጆች ቆመዋል። ከሁለቱ አንዱ፣ ሌላ ምስል ሳይተው በልጅነቱ የሞተው የአያቴ ታናሽ ወንድም ነው።

አያቴ በሕይወት ሳሉ «ወንድሜ በራስ ቀኝ ነው የቆመው» ይሉ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በጣታቸው አልጠቆሙም። ቤተሰቡም በፎቶው ላይ ከራስ በስተቀኝ የሚታየውን ልጅ ለይቶ፣ በትልቁ አሳጥቦ፣ በፍሬም አስገብቶ ሰቀለው።

እኔን በመጀመሪያ ያስቸገረኝ የራስ ስም ነበር። የቀድሞዋ መንቆረር፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ ወዲህ ደብረ ማርቆስ የተባለችው ከተማ፣ ሁለት ራስ ኃይሉ አይታለች። አንደኛው የንጉሡ ልጅ፣ እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን የገዙት ናቸው። ሁለተኛው የንጉሡ የልጅ ልጅ ራስ ኃይሉ በለው ናቸው፤ በአርበኝነቱ ዘመን በዱር የቆዩ፣ ከነጻነት በኋላም እስከ 1938 ዓ.ም. አገሩን ያስተዳደሩ። በ1933 ዓ.ም. ታላቁ ከሰባ ዓመት አልፈው ነበርና በፎቶው ላይ ያለው ጎልማሳ የዚያ ዘመን እሳቸው ሊሆን አይችልም። ግን እሳቸውም በጊዜያቸው ጎልማሳ ነበሩ! ነገሩን የቆረጠልኝ ልጁ ነው። አያቴ ወንድማቸው «ጣልያን የገባ ዓመት ጡት ጣለ» ይሉ ስለነበር፣ በ1928 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ለመቆም ቢያንስ 1936 ዓ.ም. ግድም መድረስ አለበት። ስለዚህ ራስ ኃይሉ በለው ናቸው።

የጽሑፍ መግለጫ ለብቻው እንደማይታመን አስቀድሞ ያስተማረኝ ሌላ ፎቶግራፍ ነው። በለንደን በኢምፔሪያል የጦር ሙዚየም የሚገኝ፣ ጃንሆይን ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር የሚያሳይ ዕውቅ ምስል አለ። መግለጫው ቦታው «ከተያዘ በኋላ የደምበጫ ምሽግ» መሆኑን ይናገራል፤ ቀኑን ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ያደርገዋል። ደምበጫ ግን የተለቀቀችው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ጃንሆይም ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። ቦታው ልክ ከሆነ ቀኑ ሥዕሉ የተነሣበት ሳይሆን የተመዘገበበት ይመስላል፤ ቀኑ ልክ ከሆነ ደግሞ ቦታውን መጠርጠር ይገባል። ሦስት ስመ ጥር ሰዎች ባሉበት ፎቶ ይህ ከሆነ፣ ስም የለሽ ልጅ ያለበትማ እንዴት ይሆን?

ወደ አያቴ ፎቶ ስመለስ ጎራዴውን አየሁት። በመኮንኑ ግራ ጎን ተንጠልጥሏል። ያገራችን ሰው ግራ እጁ ጋሻ ስለሚይዝ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው። የካባው መደረቢያም የተቆለፈው በተቃራኒው ነው። አንባቢ ሆይ፣ አጣቢው ኔጌቲቩን ገልብጦ ሲያሳርፈው ቀኝ ግራ፣ ግራም ቀኝ ይሆናል፤ ፊት ግን አይለወጥምና ማንም ልብ አይለውም።

መስተዋት ፊት አቆምኩት። ጎራዴው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለቱ ልጆችም ቦታ ተለዋወጡ። አያቴ የተናገሩት ቆሞ ያየ ሰው የነገራቸውን ነበር፤ በራስ ቀኝ የቆመው ልጅ፣ በግድግዳችን ላይ ካለው ሌላ ነው።

ለእናቴ ሁለቱንም አሳየኋት። አዲሱን ብዙ አላየችውም። ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «ታዲያ ይኼኛው የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ፍሬሙን አላወረደችውም።